በሰው ስም የተኛችው አራስ

እትዬ መዝገብን አንድ ተራ የሥራ ቀን ምን ያስወጣታል ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ሂሳቡ ይኸው፦ ባለ ሦስት ደረጃዋን መሰላል ስልሳ ጊዜ መውጣት፣ ስልሳ ጊዜ መውረድ፤ ሁለት መቶ ያህል ፋይል ከመደርደሪያ ማውጣት፣ ሁለት መቶ ያህል መመለስ፤ የሚመለሰው ከሚወጣው ሁልጊዜ በሁለት በሦስት ስለሚያንስ እነዚያን ፍለጋ በየክፍሉ መዞር፣ ይህም ከምሳ ሰዓቷ ላይ ይቆረጣል፤ ግማሽ እርሳስ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚጠጣ አንድ ብርጭቆ ሻይ፤ "ቀጣይ!" ስትል የሚያልቅ ግማሽ ድምፅ፤ በመጨረሻም የግራ ጉልበቷ። የቀኙ ለቤቷ ይተርፋል። "ባሌ ያገባኝ በሁለት ጉልበት ነበር፤ አሁን የምገባለት በአንዱ ነው" ትላለች። ባሏ ደግሞ "አንዱ ይበቃኛል፤ በሁለቱ ብትመጣማ ማን ይችላታል!" ይላል።

መዝገብ ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም። የሆስፒታሉ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ የሰውን የካርድ ቁጥር ከፊቱ ላይ የምታነብ ስለሚመስል ነው ሕመምተኛው እንዲያ ብሎ የጠራት። ሰው ገና ወደ መስኮቷ ሲጠጋ እሷ መሰላሉ ላይ ናት። "ቁጥሬን እኮ ገና አልነገርኩሽም" ሲሏት፣ "አንተ ትረሳዋለህ እንጂ እኔ አልረሳውም" ትላለች ጀርባዋን እንደሰጠች።

ሆስፒታሉ ለትርፍ ያልቆመ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ "በነፃ ነው ማለት ነው?" ይላል። አይደለም። የቻለ ይከፍላል፤ ያልቻለ አረንጓዴ ካርድ ይሰጠውና በዚያ ይታከማል። ዓመቱ ሲዘጋ የተረፈ ነገር ካለ የማንም ኪስ ውስጥ አይገባም፤ ጣሪያ ይሆናል፣ አልጋ ይሆናል፣ ባለፈው ዓመት ለማዋለጃ ክፍሉ የውሃ ማሞቂያ ሆኗል። ባለቤቱ ማን ነው ቢሉ ማኅበሩ ነው። ማኅበሩስ ማን ነው ቢሉ ጡረታ የወጡት አስተማሪ፣ ልብስ ሰፊው፣ የዳቦ ቤቷ ባለቤትና ሌሎች አራት የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ በሠራተኞች ምግብ ክፍል ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ አንሶላ ብዛትና ስለ ጄኔሬተር ናፍጣ እስኪደክማቸው ይከራከራሉ። የሰፈሩ ሰው "ሆስፒታላችን" የሚለው ለማቆላመጥ አይደለም።

ካርድ ክፍሉ ከዋናው በር በስተቀኝ ነው። መስኮቱ ወፍራም መስታወት ሲሆን ከታች እንደ ግማሽ ጨረቃ ተቆርጧል። የቆረጠው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ፣ ቀዳዳው ለአጭር ከፍ ያለ፣ ለረጅም ዝቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ይንጠራራል፣ ሌላው ያጎነብሳል። ከመስኮቱ ጀርባ የብረት መደርደሪያዎች በአራት ረድፍ ቆመዋል። ከሁሉ ኋላ፣ ግድግዳው ሥር ያለው ረድፍ "የተኙት" ይባላል፤ ባለቤቶቻቸው ከአሥር ዓመት በላይ ያልመጡ ፋይሎች የሚቀመጡበት ነው። ሞቱ አይባልም፣ ጠፉ አይባልም። ተኙ ነው የሚባለው። ሰው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅማ።

እትዬ መዝገብ እዚህ የመጣችው ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት በጽዳት ሠራተኛነት ነበር። ኮሪደር ስትወለውል አፏ የበሮቹን ጽሑፍ ያነባል። ያኔ ካርድ ክፍሉን የያዙት ሽማግሌ፣ ሰው ጋሼ ቀለም የሚላቸው፣ አንድ ቀን ጠሯትና "እስከ ስንተኛ ተምረሻል?" አሏት።

"እስከ አሥረኛ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ወለል መወልወል ምን በወጣሽ? ነይ ግቢ።"

ያስተማሯት ሥራ ሁለት ነው። አንደኛው ፋይልን በቁጥር መደርደር፤ ይህን ማንም ይችለዋል። ሁለተኛው የምልክት ደብተር ነው። በሰፈሩ አንድ ዓይነት ስም ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ቁጥሩን የረሳ ሕመምተኛ ደግሞ ከዚያ ይበዛል። ስለዚህ ጋሼ ቀለም ለእያንዳንዱ ሰው ከስሙ ጎን ከሩቅ የሚለይበትን ነገር በእርሳስ ይጽፉ ነበር። "ስም ይደጋገማል፣ ሰው ግን አይደጋገምም" ይሉ ነበር። ደብተሩ ውስጥ "የአናጢው ታናሽ፣ ሲስቅ የሚያስነጥሰው"፣ "የመንታዎቹ እናት፣ ቁጡ ናት፣ ቶሎ አሳልፋት"፣ "ጢሙን አንድ ወገን ብቻ የሚላጭ" የሚል ሞልቷል። ደብተሩ አንድ ቀን ሰው እጅ ቢገባ ግማሹ ሰፈር ከሌላው ግማሽ ጋር ሳይሆን ከካርድ ክፍሉ ጋር ይጣላ ነበር። ጋሼ ቀለም ጡረታ ሲወጡ ቁልፉን ለአስተዳዳሪው፣ ደብተሩን ለእሷ ሰጡ።

እንግዲህ የሰፈሩ ሰው አንድ ልማድ ነበረው። አረንጓዴ ካርድ ለማግኘት ከሰፈሩ ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤው ደግሞ ፈራሚው ሲኖር ማኅተሙ የለም፣ ማኅተሙ ሲገኝ ፈራሚው ስብሰባ ነው፣ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ሰው ካርድን እንደ ወንፊት፣ እንደ መሰላል፣ እንደ ጃንጥላ ይዋዋሳል። ካርድ እያላት "አላውስም" ያለች ሴት በግቢው ውስጥ ክፉ ትባላለች። ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም ደግነት ነው ያመጣው።

አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ እያነከሱ መስኮቱ ጋ መጡና አረንጓዴ ካርድ አሳለፉ። እትዬ መዝገብ ፋይሉን አውጥታ ገለጥ አደረገችና ቀና አለች።

"አባባ፣ ምንዎትን ነው ያመመዎት?"

"እግሬን ነው ልጄ።"

"እግርዎን ከሆነ፣ የስድስት ወር እርግዝናውስ?"

ሽማግሌው ቅንጣት አልደነገጡም። "እሱ የልጄ ነው። የእኔ እግሩ ብቻ ነው" አሉ።

እትዬ መዝገብ ሳቋን በእጇ ይዛ፣ ከፋይሉ ፊት ባዶ ነጭ ወረቀት ሰካችና "እግር" ብላ ጽፋ አሳለፈቻቸው። ግድግዳው ላይ ያለው ማስታወቂያ ሌላ ነበር የሚለው፦ በሰው ካርድ ሊታከም የተገኘ ካርዱ ይቀደዳል፣ የካርዱ ባለቤት ቤተሰብም ለአንድ ዓመት አረንጓዴ ካርድ አያገኝም። ማስታወቂያውን የጻፈችው ራሷ ናት፤ ግን አንድም ቀን ካርድ ቀድዳ አታውቅም። በሽተኛ ከደጅ ከመመለስ ዓይንን ጨፈን ማድረግ ይሻላል ባይ ነበረች። ዓይኗን ጨፈን ስታደርግ ግን ነጭ ወረቀቷን አትረሳም፤ የአንዱ ሕመም ከሌላው እንዳይደባለቅ። በዚያች ወረቀት ሁሉ ነገር የተስተካከለ ይመስላት ነበር፣ እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ።

ማክሰኞ የክትባት ቀን ስለሆነ ሰልፉ ከበሩ ውጭ ይደርሳል። ረፋዱ ላይ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ሰልፉን እየገፉ፣ "መንገድ! መንገድ! አራስ ይዘናል!" እያሉ መጡ። ከኋላቸው ጥበቃው ባለ ጎማ ወንበር ይገፋል፤ ወንበሩ ላይ እስከ አፍንጫዋ በብርድ ልብስ የተጠቀለለች ሴት ተቀምጣለች። ሴትዮዋ አረንጓዴውን ካርድ በግማሽ ጨረቃው ቀዳዳ ወረወሩት።

"ምንድን ነው እማማ?" አለች እትዬ መዝገብ።

"ልጄ ናት። በቤት ከወለደች አምስተኛ ቀኗ፤ ትኩሳቱ ሊያቃጥላት ነው። ቶሎ በይ ልጄ፣ ቶሎ!"

ካርዱን ታውቀዋለች። የሳቂታዋ ነው፤ ጥርሷ ፍንጭት፣ ጉንጯ ሙሉ፣ መስኮቱ ጋ ስትመጣ ሰልፉን ሁሉ የምታስቅ ወጣት እናት። እትዬ መዝገብ ፋይሉን ላጥ አድርጋ አወጣችና ለጥበቃው ሰጠችው። ወንበሩ ላይ ያለችውን ቀና ብላ አላየችም። ኋላ ላይ ራሷን የወቀሰችው በዚህ ነው፤ ዓይኗን ለመጨፈን እንኳ መጀመሪያ ማየት ነበረባት።

ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም፣ ሰልፉ ውስጥ የታወቀ ሳቅ ሰማች። ቀና ስትል ሳቂታዋ ራሷ ናት፤ ደህና፣ ጤነኛ፣ አንድ የሚያለቅስ ጨቅላ በክንዷ፣ የሾርባ ፔርሙስ በእጇ ይዛ። እትዬ መዝገብን እንዳየች ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

"አንቺ፣ ገና አሁን ታመሽ አልገባሽም እንዴ?" አለች እትዬ መዝገብ።

ሳቂታዋ ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች። "ገብቻለሁ" አለች ቀስ ብላ።

"የት?"

"ውስጥ... ተኝቻለሁ።"

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። እትዬ መዝገብ ግን አልሳቀችም። ነጩን ወረቀት አልሰካችም ነበር። የዚያች ልጅ እጅ ላይ ያለው የሳቂታዋ ሙሉ ታሪክ ነው፤ በየትኛው መድኃኒት እንደዳነች፣ የትኛው መርፌ እንደተስማማት። ሐኪሟ ያንን አንብባ ልታክም ነው።

"ማናት ውስጥ ያለችው?"

"የወንድሜ ሚስት ናት፣ የዚህ ልጅ እናት። እትዬ፣ በናትሽ፣ ካርዱን እንዳትቀጂው! ገና ከተጋቡ ዓመታቸው ነው፣ ደብዳቤ ብንጠይቅ 'ነገ' አሉን። ነገ እስኪደርስ እሷ ሙታ..."

"ዝም በይ፣ ልጁ ፊት ሞት አይጠራም። መርፌ ተቆጥቷት ያውቃል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! እሷም አታውቅም፣ በልጅነቷ እናቷም አባቷም ሞተውባታል። እኔ ግን ባለፈው ስወልድ ፔኒሲሊን ወስጄ ደህና ነኝ።"

"አንቺማ ደህና ነሽ" አለች እትዬ መዝገብ፣ መስኮቱን ዘጋችና ወጣች።

ካርድ ክፍሉን ከያዘች ወዲህ በሥራ ሰዓት መስኮቷን ስትዘጋ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሰልፈኛው "ኧረ እትዬ! ኧረ እኛስ!" ሲላት አልሰማችም። ግራ ጉልበቷ ያን ቀን ምንም አላለም፤ ጉልበትም አንዳንዴ ቀን ያውቃል።

የእናቶች ክፍል ስትደርስ ነርሷ የመርፌውን ብልቃጥ በመዳፏ እያሽከረከረች ታሟሟ ነበር። ሐኪሟ የአልጋው እግርጌ ላይ ቆማ የሳቂታዋን ፋይል ታነባለች። እነዚያ ትልቅ ሴትዮ፣ አማቲቱ፣ ከራስጌ ተቀምጠው የልጅቷን እጅ ይዘዋል።

"ሲስተር፣ ቆይ!" አለች እትዬ መዝገብ ከበሩ። "ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ያ ፋይል የእሷ አይደለም።"

"እንዴት አይደለም?" አለች ሐኪሟ።

አማቲቱ ብድግ አሉ። "የእሷ ነው! ልጄ ናት! ምን ሆነሽ ነው አንቺ ሴትዮ? ካርዱ ይናገር የለም እንዴ!"

"የማይስማማት መድኃኒት አለ ወይ ብዬ እማማን ስጠይቃቸው፣ ሁለት ጊዜ ወስዳ ደህና ናት፣ ካርዱን እዩት አሉኝ" አለች ነርሷ ግራ ገብቷት። "ካርዱም እውነት እንዲያ ይላል።"

እትዬ መዝገብ ወደ አማቲቱ ተጠጋችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እማማ፣ ካርድ የምጽፈው እኔ ነኝ። የሚቀደድም ከሆነ በእኔ እጅ ነው የሚቀደደው። አልቀደውም። ይህን ከእኔ ይስሙ። አሁን ግን የልጅቷን ስም ይንገሩኝ።"

ይህን ቃል የመስጠት ሥልጣን አልነበራትም። አፏ ግን ቀድሟት ሄደ።

 አማቲቱ መሬት መሬት እያዩ ስሟን ተናገሩ። "ምራቴ ናት። የልጄን ያህል ነው የምወዳት፤ ውሸቴን አይደለም እሱ" አሉ።

ሐኪሟ ፋይሉን ዘጋች። "ሌላ መድኃኒት መጀመር እችላለሁ፤ ግን እሱስ እንደሚስማማት በምን አውቃለሁ? ከዚህ በፊት እዚህ ታክማ ታውቃለች?"

"አታውቅም" አሉ አማቲቱ። "ከኛ ጋር ስትኖር ሐኪም ቤት ገብታ አታውቅም።"

ልጅቷ ዓይኗን ገለጥ አደረገች። ከንፈሯ ደርቋል። "መስኮቱ..." አለች፤ "አረንጓዴ ነበር።"

ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞሩ። የመስኮቱ መዝጊያ ሰማያዊ ነው። "ትኩሳቱ ነው፣ ትቀባጥራለች" አለች ነርሷ።

"አትቀባጥርም" አለች እትዬ መዝገብ። "ቀለሙ ከመቀየሩ በፊት አረንጓዴ ነበር፤ ያኔ ክፍሉ የሕፃናት ነው። አሥራ አራት ዓመት ሆነው። እዚህ ክፍል ተኝታ ታውቃለች ማለት ነው።" ጎንበስ ብላ የልጅቷን ፀጉር ከፊቷ ላይ ገለጠች። የቀኝ ጆሮዋ ጫፍ ለሁለት ተቀዷል፤ በሕፃንነት ጉትቻ ተይዞ የተጎተተ ዓይነት ጠባሳ። "ልጄ፣ ያኔ ቤታችሁ የት ነበር?"

"ወፍጮ ቤቱ... አባቴ ዘበኛ ነበር።"

"ዶክተር፣ ሩብ ሰዓት ይስጡኝ።"

ሐኪሟ ሰዓቷን አየች። "እስከዚያ ግሉኮስ እንሰካላታለን፣ ትኩሳቷንም እናበርዳለን። ሩብ ሰዓት፣ እትዬ። ከዚያ በላይ አልጠብቅም።"

እትዬ መዝገብ ካርድ ክፍሉ ስትመለስ ሰልፉ በእጥፍ አድጓል፤ አንድ ሰው መስታወቱን በቁልፍ ያንኳኳል። በሩን ከውስጥ ቆለፈችና የምልክት ደብተሩን አወጣች። የጋሼ ቀለም ጽሑፍ እንደ ጉንዳን ነው፤ የወፍጮ ቤቱ አካባቢ ብቻ አሥራ አንድ ገጽ ይዟል። ጣቷን እያስኬደች ወረደች። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ሆዱ የሚቀድመው። የባለቤቱ እህት፣ ካልጮኹላት የማትሰማ። ዱቄት ተሸካሚው። ሁለተኛው ዱቄት ተሸካሚ፣ የመጀመሪያው ጠላት። ስምንተኛው ገጽ ላይ ጣቷ ቆመ፦ "የዘበኛው ልጅ፣ ቀኝ ጆሮዋ የተቀደደ፣ ስትታከም የማታለቅስ።" ከጎኑ ቁጥር።

መሰላሉን ወደ ተኙት ጎትታ ወጣች። ፋይሉ ከላይኛው ረድፍ፣ ከሁለት ወፋፍራም ፋይሎች መካከል ተጣብቆ ነበር፤ ስታወጣው አቧራው አስነጠሳት። ሁለት ወረቀት ብቻ ነው ያለው። በሁለተኛው ላይ፣ በቀይ ቀለም፣ ሁለቴ የተሰመረበት፦ ፔኒሲሊን ፈጽሞ እንዳይሰጣት፤ መርፌው እንደገባ ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሿ ተቋርጦ፣ በብዙ ድካም ተርፋለች። ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች።

እትዬ መዝገብ ፋይሉን ብብቷ ሥር ሸጎጠችው። ከዚያ ወረደችና ሄደች።

ሐኪሟ ቀዩን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ለነርሷም አሳየቻት። ነርሷ በእጇ የነበረውን ብልቃጥ ትሪው ላይ አስቀመጠችና እጇን በነጭ ጋዋኗ ጠረገች፤ እጇ ደረቅ ነበር። "ሌላውን አምጪ" አለች ሐኪሟ። የታዘዘላት መድኃኒት በግሉኮሱ በኩል ጠብ ጠብ እያለ ይወርድላት ጀመር። ሳቂታዋ ሕፃኑን አምጥታ ከአራሷ ጎን አስተኛችው።  አማቲቱ "ስሟን ደብቄ ልገድላት ነበር እኮ" አሉ።

"እኔም ዓይኔን ጨፍኜ" አለች እትዬ መዝገብ። "ሁለታችንም አልገደልናትም። ሾርባውን ቅጂላት አንቺ፣ ይቀዘቅዛል።"

የአራሷ ትኩሳት በሦስተኛው ቀን ለቀቃት። ግን አንድ ነገር ቀርቷል። የተሰጠ ቃል አለ፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ደንብ አለ።

ገና በማግስቱ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ አስተዳዳሪው ጠርተዋት ነበር። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ደንብ ግን ይወዳሉ። "ልጅቷን አትርፈሻል፤ እግዜር ይስጥሽ" አሉ። "አሁን ካርዱን አምጪው።"

"የትኛውን?"

"የሚቀደደውን።"

"አልሰጥዎትም ጋሼ።"

"ለምን?"

"አልቀደውም ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ደግሞ እሱን ከቀደድን ከነገ ጀምሮ ማንም ሰው እውነቱን አይነግረኝም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እነሱ በሽታቸውን አልሸሸጉም፣ ስማቸውን ነው የሸሸጉት፤ ያስሸሸግናቸው ደግሞ እኛ ነን።"

አስተዳዳሪው መነጽራቸውን አወለቁ። "ይህንን ለእኔ ሳይሆን ነገ ለማኅበሩ ንገሪ" አሉ። "ተዘጋጅተሽ ነይ።"

ዝግጅቷ አንዲት የካርቶን ሣጥን ነበረች። ሐሙስ ዕለት ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት። ውስጧ በየፋይሉ ሰክታቸው የነበሩት ነጫጭ ወረቀቶች ግልባጭ አለ።

ጡረታ የወጡት አስተማሪ "ስንት ሰው በሰው ካርድ የታከመ ይመስልሻል?" ብለው ጠየቋት።

"እኔ አውቄ ያሳለፍኳቸውን ብቻ ልናገር?"

"እነሱን።"

"ባለፈው ዓመት መቶ አርባ ሦስት።"

 የዳቦ ቤቷ ባለቤት "በስመ አብ!" አለች። ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ጠረገና "የእኔን ሚስት ጨምሮ ነው?" አለ።

"እሷ መቶ አርባ ሁለተኛዋ ናት።"

ሳቁ ከመስኮት ወጥቶ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። ሳቁ ሲበርድ ነገሩ ቀለል ብሎ ነበር። እትዬ መዝገብ የምትለውን አለች፦ ሰው የሚዋሰው ደብዳቤው ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅ ነው፤ ትኩሳት ደግሞ ሦስት ሳምንት አይጠብቅም። ካርዱ መጀመሪያ ይሰጥ፣ ደብዳቤው በወሩ ይምጣ። የሰው ካርድ ይዞ መጥቶ መስኮቱ ላይ እውነቱን የተናገረ አይቀጣ፤ ያዋሰውም አይቀጣ። አስተዳዳሪው "ሁሉም ሰው አረንጓዴ ካርድ ይሰጠኝ ቢልስ?" አሉ። አስተማሪው ሣጥኗን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና "አሁንም እኮ ሁሉም እየታከመ ነው፤ ልዩነቱ ማን መሆኑን አለማወቃችን ነው" አሉ። ለአንድ ሰዓት ያህል ተከራከሩ። በመጨረሻ ለስድስት ወር ይሞከር ተባለ፤ የሳቂታዋም ካርድ ሳይቀደድ ቀረ።

"እሷ ግን ደንብ ጥሳለች" አለች የዳቦ ቤቷ ባለቤት፣ ወደ እትዬ መዝገብ እያየች። "ብወዳትም ማስጠንቀቂያ ይገባታል።"

"ይገባኛል" አለች እትዬ መዝገብ።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው አርብ ጠዋት ደረሳት። የሠራተኞችን ፋይል የምታስቀምጠውም እሷ ስለሆነች የራሷን ፋይል አወጣች፣ ማስጠንቀቂያውን በሁለት ቦታ በሳች፣ አስገባች፣ መለሰች። "ቀጣይ!" አለች።

ማስታወቂያው በተቀየረ በመጀመሪያው ሳምንት ማንም አልመጣም። ሰው አንዴ የፈራውን ማስታወቂያ በአንድ ጀንበር አያምንም። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ አማቲቱ መጡ፤ ከኋላቸው አራሷ ከነልጇ፣ ከእሷ ኋላ የግቢው አራት ሴቶች። "እነዚህ ሁሉ" አሉ አማቲቱ በኩራት፣ "እስከ ዛሬ ሳቂታ ነበሩ።" የሳቂታዋ ፋይል ሲመረመር፣ እሷ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ወልዳ፣ በመካከሉ ክንዷ ተሰብሮ፣ አንድ ጊዜም ጢም ሲላጭ የተቆረጠ አገጭ ተሰፍቶላታል። ወረቀቶቹን እየለዩ ለየባለቤቱ ለማከፋፈል አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀ፤ ሳቂታዋም እየሳቀች "እኔ እኮ ምን ያህል ጠንካራ ነኝ!" አለች። ዛሬ ሰዎች አንድ በአንድ ይመጣሉ። አንዳንዱ ያፍራል፣ አንዳንዱ ይቀልዳል፣ አንዳንዱ መስኮቱ ጋ ከደረሰ በኋላ ይመለስና በማግስቱ ይመጣል።

አራሷ አሁን የራሷ አረንጓዴ ካርድ አላት። ቀዩ ጽሑፍ ከውስጥ ብቻ ሳይሆን ከሽፋኑም ላይ በትልቁ ተጽፏል። ባሏ ትርጉሙን በቃሉ ያውቀዋል፤ ለጎረቤትም ለአማችም ለማንም ሲናገር "ሚስቴ ፔኒሲሊን ጠላቷ ነው" ይላል።

እትዬ መዝገብን ስለዚህ ሁሉ ሲጠይቋት ስለ ራሷ ብዙ አታወራም። ይህን ለሚያነብ ሰው ግን አንድ ልመና አለኝ ትላለች፤ ልመናዋም በራሷ አፍ ይኸው፦

"መሳቢያችሁን ክፈቱ። የሰው ካርድ ካለ ዛሬውኑ መልሱ፤ የእናንተም ሰው ቤት ካለ አስመልሱ። የትም ሆስፒታል ስትሄዱ በስማችሁ ሂዱ። ልጅ ያላችሁ ደግሞ የማይስማማው መድኃኒት ካለ ስሙን በወረቀት ጻፉና ከልደቱ ወረቀት ጋር አስቀምጡለት፤ እናንተ ባትኖሩ እንኳ ወረቀቱ ይንገርለት። አልቆጣችሁም። ብቻ መስኮቱ ጋ ስትደርሱ ማን እንደሆናችሁ ንገሩኝ።"